በግራ ጎኔ ስተኛ የሚወርደው ቁጥር

ይህን የምጽፈው ክንዳቸው ላይ የስኳር መለኪያ ለጥፈው ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ባለትዳሮችና የልጅ ወላጆች ብታነቡትም አይከፋኝም፤ እናንተ ግን በድንገት ሲያልባችሁ «ምን ሆንክ? ምን ሆንሽ?» የሚል ሰው ቤት ውስጥ አላችሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሰብለ እባላለሁ፣ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ናይሮቢ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የዕቃ ግዢ ክፍል እሠራለሁ፣ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። «ይሄ ክንድ ላይ የሚለጠፈው ነገር ግን ልክ ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። መልሱን ያገኘሁት ልሞት ጥቂት ሲቀረኝ ስለሆነ ባጭሩ መመለስ አልችልም።

ሕመሜ በውሃ ጥም ጀመረ። ማታ አንድ ጆግ ውሃ ጠጥቼ እተኛለሁ፣ ጠዋት ከንፈሬ ደርቆ እነሳለሁ። ከካሳራኒ ጊጊሪ ቢሮዬ ለመድረስ ሁለት ማታቱ፣ ማለት የኬንያን ሚኒባስ ታክሲ፣ መቀያየር አለብኝ፤ ቲካ ሮድ ላይ መንገዱ በተዘጋጋ ቁጥር ሽንቴን መያዝ ፍዳ ሆነብኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ውሃ መጠጣት ተውኩ። ቀሚሶቼ እየሰፉኝ ሄዱ። ቢሮ ውስጥ ያሉት ኬንያውያን ሴቶች «ሰብሌ፣ ምስጢሩን ንገሪን እንጂ!» እያሉ ይከቡኛል፤ እኔም እንደ ሞኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወገብ አወጣሁ ብዬ ሁለት አዲስ ሱሪ ገዛሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት የሰፈር ክሊኒክ «ታይፎይድ ነው» ብሎ የአሥር ቀን ክኒን ሰጠኝ። አልተሻለኝም። ሁለተኛው «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን» አለኝ፤ የሱንም ክኒን ዋጥኩ። ሦስተኛው ጋ አንዲት ነርስ ምንም ሳትጠይቀኝ ጣቴን ወጋችና ቁጥሩን አሳየችኝ። ሃያ አራት ይላል። እዚህ ኬንያ ስኳር የሚለካበት ቁጥር ከአገራችን ይለያል፤ የኛውን ለማግኘት በአሥራ ስምንት ማባዛት ነው። የኔ ሃያ አራት አዲስ አበባ ቢሆን ከአራት መቶ ሠላሳ በላይ ነው። ወንድሜ ዳዊት ይህን አያውቅም ነበርና በስልክ ስነግረው «ሃያ አራት? ታዲያ እንዴት በሕይወት ታወሪኛለሽ?» ብሎ ጮኸ።

ዳዊት በአሥራ ሦስት ዓመት ያንሰኛል። እናታችን በዚሁ በስኳር በሽታ ስትሞት እሱ ገና ስድስተኛ ክፍል ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አሁን አዲስ አበባ መምህር ነው። ሚስቱ ሕይወት ትባላለች፣ ሁለት ልጆች አሏቸው። እኔ ወደ ናይሮቢ ከመጣሁ ወዲህ የምንደዋወለው በበዓል በበዓል ነበር።

ለስኳሩ ክኒን ጀመርኩ። ስምንት ወር ሙሉ ብውጥም ቁጥሩ አልወርድ አለ። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ራሴን ሳትኩ፤ ሆስፒታል ገብቼ አራት ቀን ተኛሁ። ስገባ ቅጽ የምትሞላው ልጅ «የቅርብ ዘመድ?» አለችኝ። የዳዊትን ስም ከነኢትዮጵያ ስልኩ ነገርኳት። «አይ ማማ፣ ኬንያ ውስጥ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው» አለች። ግሉኮስ... አይደለም፣ ሌላ ፈሳሽ ነው መሰለኝ በአንድ እጄ እየገባ፣ በሌላው እጄ ስልኬን ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። በመጨረሻ የሕንፃችንን ጥበቃ ስልክ ሰጠኋት። ዝምድናው ምንድን ነው ስትለኝ «በር ይከፍትልኛል» አልኳት፤ እሷ ሳቀች፣ እኔ ግን የምሬን ነበር።

ከሆስፒታል ስወጣ ዌስትላንድስ ወዳለች አንዲት ሐኪም ላኩኝ። ዶክተር ዋንጂኩ ትባላለች፤ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። መጠበቂያ ክፍሏ ውስጥ ሰው ሁሉ ከሰው ጋር ነው የሚመጣው፤ ቦርሳዬን ጎኔ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ደሜን አስመርምራ «ክኒኑ መጀመሪያውኑ ያንቺ መድኃኒት አልነበረም» አለችኝ። የኔው ሰውነት ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሴሎች ራሱ ጨርሷቸዋል። ይህ ዓይነቱ ስኳር አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ ግን እንደኔ ላለውም ይደርሰዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንሱሊን በመርፌ ሆነ።

ሴንሰሩን ያመጣችው እሷ ናት። የአንድ ሳንቲም ስፋት ያላት ክብ ነገር ናት፤ ክንድ ላይ በስተኋላ ትለጠፋለች፤ ከሥሯ እንደ ፀጉር የቀጠነች ክር ቆዳ ውስጥ ትገባለች። በየጥቂት ደቂቃው ቁጥር ወደ ስልክ ትልካለች። በየሁለት ሳምንቱ በአዲስ ትቀየራለች፤ ኢንሹራንሴ አይሸፍናትም፤ ከደመወዜ ላይ ነው የምገዛት፤ በዚህ ግን አልቆጭም።

«ይህ የሚለካው ደምሽን አይደለም» አለች ዶክተሯ። «ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ነው። ስኳር ከደም ወደዚያ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል። ስኳርሽ ቶሎ ሲወጣ ወይ ቶሎ ሲወርድ መሣሪያው ወደ ኋላ ይቀራል። ያኔ ዋሸ አትበይ፣ ዘገየ በይ። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ደግሞ ብዙም አትመኚው። ከተጫንሽውም ያለልኩ ይወርዳል፤ በተለጠፈበት ክንድ አትተኚ። ቁጥሩና የሚሰማሽ ስሜት ካልተስማሙ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ ጣትሽን ውጊ።»

ሁሉንም እሺ አልኩ። እጅ መታጠቡ ላይማ ትንሽ ቅር አለኝ፤ ይቺ ልጅ እጅ መታጠብ ልታስተምረኝ ነው ወይ አልኩ በሆዴ።

መሣሪያው ሌላ ሰው ቁጥሩን በስልኩ እንዲከታተል ያስችላል። ዳዊት ልከታተል አለ። በሱ ስልክ ላይ ቁጥሩ በእኛ አገር አቆጣጠር እንዲታየው አስተካከለው፤ ከሰባ በታች ሲወርድ ስልኩ ይጮኻል።

ሴንሰሩን በግራ ክንዴ ባስለጠፍኩ በሦስተኛው ቀን፣ ሊነጋጋ ሲል ስልክ ተደወለ።

«እታለም! ተነሺ! ሃምሳ አራት ነው!»

ደንግጬ ተነሳሁ። ለካ በግራ ጎኔ ተኝቼ ሴንሰሩን ተጭኜዋለሁ። ጣቴን ወጋሁ፤ ስድስት ነጥብ ሁለት፤ በሱ ቋንቋ መቶ አሥራ ሁለት። ደህና ነኝ አልኩት፤ አላመነኝም። ቁጥሩ በስልኩ ላይ እስኪመለስ ድረስ አልዘጋም አለ። ስለ ትምህርት ቤቱ አወራኝ፣ ስለ ታናሽ ልጁ ጥርስ አወራኝ። ከሩብ ሰዓት በላይ ተጫወትን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሻይ እያፈላሁ ራሴን ስዘፍን አገኘሁት። ቤቴ ውስጥ ዘፍኜ የማውቅ አይመስለኝም።

እንግዲህ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ።

እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ምሳዬን እበላና ሶፋው ላይ ጋደም እላለሁ። ሰፈራችን እሑድ ከሰዓት ይደምቃል። ከታች ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፣ ከአጠገባችን ካለው ጸሎት ቤት መዝሙር በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፣ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ደረጃውን ይወጣል፤ የኔን በር ግን ማንም አያንኳኳም። በዚያ ሳምንት እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እያወቅኩ በግራ ጎኔ ተኛሁ።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ዳዊት ደወለ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ደህና ነኝ፣ ማሽኑ ነው» አልኩት፤ እሱም እንደ በፊቱ ቁጥሩ እስኪመለስ አወራኝ። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ አደረግኩ። በሚቀጥለውም። ጨዋታው ሲጥመኝ ከጎኔ አልነሳም፤ እኔ ካልተነሳሁ ቁጥሩም አይነሳም። ዶክተሯ በሁለተኛው ቀጠሮ ግራፉን አይታ «ማማ፣ በዚህ ክንድ ትተኛለሽ መሰለኝ፤ የሚቀጥለውን በቀኝ እናድርገው» ስትለኝ «ግራው ይሻለኛል» አልኳት።

አራት ወር ያህል እንዲህ ቆየን። አንድ ማታ ሕይወት ደወለችልኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቃል መርጣ ነው የተናገረችው።

«እትዬ ሰብለ፣ ዳዊት እንቅልፍ የለውም። ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ልቡ ይመታል። ልጆቹም ሲሰሙት ‹አክስቴ ልትሞት ነው?› ይላሉ። ሌላ መላ የለውም ወይ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አነጋግረዋለሁ አልኳት። እኔ ሳላነጋግረው በሦስተኛው ቀን እሱ ራሱ ደወለ። «እታለም፣ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። ይሄ ማሽን የሚታመን አይደለም። ስታስፈልጊኝ አንቺ ደውይልኝ» አለ። ደግ አደረግክ አልኩት።

ግን አልደወልኩም። ደውዬ ምን ልበለው? ማስታመምና «አይዞህ» ማለት የኔ ሥራ ነበር። ከፍቶኛል፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ያሳደግኩትን ልጅ ማስቸገር አልሆነልኝም። ቁጥሩ ሲወርድ የኔ ስልክ የሚያሰማውንም ድምፅ አጠፋሁት። ቀስ በቀስ ደግሞ ዳዊት ያለውን እኔም ማመን ጀመርኩ። ቁጥሩ ወርዶ ሳየው «ያው ልማዱ ነው» እላለሁ። እንዲሳሳት ያደረግኩት እኔ መሆኔን ረስቼው ነበር።

ከዚያ ያ ዓርብ መጣ። የኬንያ በዓል ስለነበር ቢሮ ዝግ ነው፤ የሕንፃው ሰው ግማሹ ወደየገጠሩ ሄዷል፣ ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ወሩ የነቢያት ጾም ነው። ዶክተሯም ንስሐ አባቴም «አንቺ እህል ሳትቀምሺ አትቆዪ» ብለው ከልክለውኛል። እኔ ግን ዓርብን ብቻ ለማንም ሳልናገር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆይ ነበር። ከሰው ጋር አብሬ የማደርገው ነገር የቀረኝ እሱ ብቻ ስለሚመስለኝ ነው።

ለእሑዱ ሰንበቴ የማንጎ ጭማቂ ተራዬ ነበር። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ጀምሮ አንድ ከረጢት ማንጎ እየላጥኩ፣ እየቆራረጥኩ በትልቅ ሳህን ሞላሁ። እጄ እስከ አንጓዬ በጭማቂ ተለወሰ። አንዲት ቁራጭ አልቀመስኩም። ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬን አየሁ፤ አራት ነጥብ ሁለት፣ በኛው ሰባ ስድስት ግድም፤ ከጎኑ አቅጣጫውን የሚያሳየው ቀስት ወደ ታች። ያው ልማዱ ነው አልኩ። ቆሜ ማንጎ እየላጥኩ፣ ማንም ሳይጫነው እንዴት ሊሳሳት ይችላል ብዬ አልጠየቅኩም።

የሆነ ሆኖ ላረጋግጥ ብዬ እጄን በሶፍት ጠረግ አድርጌ ጣቴን ወጋሁ። አሥራ ሰባት ነጥብ ሦስት! አያችሁ፣ ይሄ ሴንሰር ጭራሽ ተበላሽቷል አልኩ። ከማለዳ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው አሥራ ሰባት ከየት ያመጣል? ይህንንም አልጠየቅኩም። ለአሥራ ሰባት የሚገባውን ኢንሱሊን ሆዴ ላይ ወጋሁና ወደ ማንጎዬ ተመለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ ቢላው ከእጄ ወደቀ። ላንሳው ብዬ ጎንበስ ስል ወለሉ ዞረብኝ፤ እዚያው የወጥ ቤቱን ቁምሳጥን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ልብሴ በላብ ራሰ። ከንፈሬ ደነዘዘ። ስልኬን ሳየው ቁጥር የለውም፤ በቁጥሩ ቦታ «ዝቅተኛ» የሚል ጽሑፍ ነው ያለው። ጮክ ብዬ «ውሸታም!» አልኩት። ከዚያ እጄን አየሁት፤ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቶቼ ከአምስት በላይ ሆነው ታዩኝ። እናቴ በመጨረሻዋ ቀን ግንባሯ ላይ እንዲህ ያለ ላብ ነበረባት። ያኔ ነው የፈራሁት። በሩ ሩቅ ሆነብኝ፤ ብጮህም የሚሰማኝ ጎረቤት የለም።

ዳዊት ጋ ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ክፍል ውስጥ ይሆናል። መልሼ ለመደወል ስሙን ለማግኘት ረጅም ጊዜ የፈጀብኝ ይመስለኛል። በሁለተኛው አነሳው፤ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

«እታለም? ማሽኑ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ የደወልኩት።»

ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ በር ሲዘጋ ሰማሁ። የተማሪዎቹ ጫጫታ ራቀ።

«ምን ሆንሽ?»

«አላውቅም። እጄ እንቢ አለኝ።»

«አጠገብሽ ምን ጣፋጭ ነገር አለ?»

«ማንጎ።»

«ብዪ!»

«ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም» አልኩት። በሙሉ ልቤ ነው የተከራከርኩት፤ ስኳር ሲወርድ ጭንቅላት እንዲህ ያደርጋል።

«እታለም!» እንደዚያ ጮኾብኝ አያውቅም። «አሁን ብዪ ነው የምልሽ! እየሰማሁሽ ብዪ!»

ሳህኑን ጎትቼ በእጄ እየዛቅኩ በላሁ። ሳኝክ ያዳምጣል፤ በመሀል «ሌላ» ይለኛል፤ «ሌላ»። መቆም ስችል ስኳር በውሃ በጥብጬ እንድጠጣ አደረገኝ። ከዚያ «እጅሽን በሳሙና ታጠቢና ለኪ» አለኝ። ታጥቤ ለካሁ፤ ሦስት ነጥብ አራት። ትንሽ ቆይቼ ስለካ አምስት ነጥብ ስምንት። ሴንሰሩ ግን ገና «ዝቅተኛ» ይላል። በዚህ ጊዜ አልሰደብኩትም። ጠበቅኩት፤ እሱም ከትንሽ ደቂቃዎች በኋላ ደረሰ። ዳዊት ስልኩን የዘጋው ክፍል ከተለቀቀ በኋላ ነው።

ሰኞ ዕለት ለዶክተር ዋንጂኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ እሑድ እሑዱን ብቻ ዘለልኩት። ጣት ላይ የቀረ ጥቂት የፍራፍሬ ጭማቂ ከደሙ ጠብታ ጋር ተቀላቅሎ ቁጥሩን ሰማይ እንደሚያደርሰው አስረዳችኝ። በሶፍት መጥረግ አይበቃም፤ ሳሙናና ውሃ ነው። «ሁለቱም መሣሪያ ያገኘውን ነው የለካው ማማ» አለች። «አንዱ አንቺን ለካ፣ አንዱ ማንጎሽን።» ይህን እናንተም ያዙልኝ። ቁጥር ስታዩ ከማመናችሁም ከመካዳችሁም በፊት ምን በላሁ፣ ምን ነካሁ፣ በየትኛው ጎኔ ተኛሁ በሉ። ሰውነታችሁ ወረደብኝ ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ጣፋጭ ቅመሱ፣ ክርክሩ ይደርሳል።

የዘለልኩትን ለዳዊት ነው የተናገርኩት። በዚያው ሳምንት ደወልኩና አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ሶፋውን፣ ግራ ጎኔን፣ ዘጠኝ ሰዓትን።

«አውቅ ነበር» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሦስተኛው እሑድ። ሰዓት ጠብቆ የሚወርድ ስኳር የት አለ?»

«ታዲያ ለምን ትደውል ነበር?»

«አንዱ ቀን እውነት ቢሆንስ?» አለ። ቀጥሎም «ለምን ራስሽ አልደወልሽልኝም?» አለኝ።

«እንዳልከብድህ።»

«ማሽኑ ሲደውልልኝ የቀለልሽኝ መስሎሽ ነው?»

አለቀስኩ። እሱም ይመስለኛል፤ ብቻ አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰምቻለሁ። የስልኩን ድምፅ መልሶ ከፍቶታል፤ እኔም እንዳልጫነው ቃል ገባሁ። ዓርብን መቆየትም ትቻለሁ። ሴንሰሩን ወደ ቀኝ ክንዴ አዛውሬዋለሁ።

አሁን እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እኔ እደውላለሁ። አንዳንዴ ያነሳል፣ አንዳንዴ ልጆቹን ይዞ ወጥቶ አያነሳም። ባለፈው እሑድ አላነሳም። ሶፋው ላይ ሄጄ በግራ ጎኔ ጋደም አልኩና ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ ቁጥሩን አየሁት። ስድስት ነጥብ አንድ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያው ተኛሁ። ከታች ልጆቹ ይጮኻሉ፣ መዝሙሩም አላቋረጠም። ቁጥሩ ከስድስት ንቅንቅ አላለም። ተነስቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩና ጣቴን ወጋሁ፤ ስድስት ነጥብ ሦስት። ሴንሰሩ ልክ ነበር፣ እኔም ምንም አልሆንኩም፣ የሚደውልልኝም ሰው አልነበረም።

እጄን አደራርቄ እንደገና ደወልኩለት።